ከዲለር የገዛሁት መኪና በ19ኛው ቀን ተበላሸ፤ ምን መብት አለኝ?

ከሊድስ፦

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው።

የምኖረው እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጥቤ በቅርቡ ከአንድ ዲለር መኪና ገዛሁ። የ2015 ስሪት ነው፣ አውቶማቲክ፣ 71,000 ማይል የሄደ። ዋጋው 5,400 ፓውንድ። ስሞክረው ምንም አልነበረበትም። ኤም ኦ ቲው (የዓመቱ የመኪና ምርመራ) ገና 11 ወር ይቀረዋል። የ3 ወር ዋራንቲም ሰጡኝ።

በ16ኛው ቀን ማርሽ ሲቀይር መንገጫገጭ ጀመረ። ከኋላ ሰው የገጨኝ ያህል ይገፋኛል። በማግስቱ የሞተር መብራት በራ። ትናንት ደግሞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ሳመጣ መሀል መንገድ ላይ ኃይል አጣ። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ዳር ያወጣሁት።

ዲለሩ ጋ ስደውል፣ «ያገለገለ መኪና ነው፤ አይተሽ፣ ነድተሽ፣ ፈርመሽ ነው የወሰድሽው» አሉኝ። ዋራንቲ ሰጪውን ጠይቂ ብለው ስልክ ሰጡኝ። እዚያ ስደውል ለካምቢዮ የሚከፍሉት እስከ 500 ፓውንድ ብቻ ነው። ጋራዥ የጠየቀኝ ደግሞ 2,300 ነው። ደረሰኙን ሳየው «ሶልድ አዝ ሲን» (እንደታየው የተሸጠ) የሚል ማህተም አለበት፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

ባለቤቴ «እድላችን ነው፣ ተበድረን እናሠራው» ይላል። እውነት ምንም ማድረግ አይቻልም? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ከለንደን፦

እህቴ፣ እንኳን አንቺም ልጆቹም ተረፋችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ከዛሬ ጀምሮ መኪናውን አትንጂው። ለራሳችሁ ደህንነትም፣ ለመብትሽም ነው። ብልሽት እንዳለበት እያወቅሽ መንዳትሽን ኋላ ያነሱብሻል።

ሁለተኛ፣ እንዳታሠሪው። ባለቤትሽ ያለው ከቀና ልብ ነው፣ ግን ካምቢዮው አንዴ ከተፈታ ማስረጃሽ አብሮ ተፈታ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ አገር ከ2015 ጥቅምት ወር ጀምሮ የሚሠራ የሸማቾች መብት ሕግ አለ። ኮንሱመር ራይትስ አክት 2015 ይባላል። ነጋዴ ለሸማች የሚሸጠው ዕቃ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት ይላል። ጥራቱ አጥጋቢ መሆን አለበት። ለተገዛበት ሥራ መዋል አለበት። እንደተነገረለት መሆን አለበት። ያገለገለ መኪናም በዚህ ውስጥ ይገባል። እርግጥ ጥራቱ የሚመዘነው ከዕድሜው፣ ከዋጋውና ከሄደው ማይል ጋር ነው። የ10 ዓመት መኪና ላይ የፍሬን ሸራ ቢያልቅ ወይም ጎማው ቢሳሳ ማንም አይሰማሽም፤ እሱ በአገልግሎት የሚያልቅ ነው። 5,400 ፓውንድ የተከፈለበት መኪና በ19 ቀን ውስጥ ካምቢዮው ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀኑ ላይ አተኩሪ። መኪናውን ከተረከብሽ በ30 ቀን ውስጥ ጉድለት ከተገኘበት መልሰሽ ሙሉ ገንዘብሽን የመውሰድ መብት አለሽ። በእነሱ አነጋገር ሾርት ተርም ራይት ቱ ሪጀክት ነው የሚሉት። ደብዳቤሽ ላይ ይህንኑ ስም ጻፊው፤ ነጋዴዎቹ ያውቁታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «መጀመሪያ እንጠግነው» ብለው ሊያስገድዱሽ አይችሉም። ለነዳሽበትም አይቆርጡብሽም። 19ኛው ቀን ላይ ከሆንሽ 11 ቀን ነው የቀረሽ። 30 ቀኑ ካለፈ ግን ነገሩ ይቀየራል። ያኔ ነጋዴው አንድ ጊዜ የመጠገን ዕድል ያገኛል። አንድ ጊዜ ብቻ። ጠግኖት ካልዳነ እንደገና የመመለስ መብት ይመጣልሻል፣ ነገር ግን ለተጠቀምሽበት ከገንዘቡ ላይ መቀነስ ይችላል። ሌላ ዕቃ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት መቀነስ አይፈቀድም፤ መኪናን ሕጉ ለብቻው ለይቶታል።

«ሶልድ አዝ ሲን» የሚለው ማህተም አያስደንግጥሽ። ነጋዴ ሆኖ ለሸማች እስከሸጠ ድረስ እነዚህን መብቶች በማህተምም በፊርማም ሊያስቀራቸው አይችልም። አንቺ ብትፈርሚም ዋጋ የለውም። «ትሬድ ሴል» (ለነጋዴ የተሸጠ) ብለው የሚጽፉትም እንደዚሁ ነው። ፊርማ የሚያስቀረው አስቀድመው ለይተው የነገሩሽን ጉድለት ነው። «ይህ መኪና ካምቢዮው ችግር አለበት» ብለው ነግረውሽ ቢሆን ኖሮ አሁን መጠየቅ ባልቻልሽ ነበር።

ዋራንቲውም ሌላ፣ ሕጉ ሌላ። ዋራንቲው በላዩ ላይ የተጨመረ ነው፤ የሕጉን ቦታ አይወስድም። ወደ ዋራንቲ ድርጅት የሚልኩሽ አንቺ እዚያ ስትመላለሺ 30 ቀኑ እንዲያልቅ ነው። ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው።

በ2019 ከአንድ ዲለር በ6,200 ፓውንድ መኪና ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጋል ጀመረ። ደወልኩ። «ሰኞ አምጣው» አሉኝ። ሰኞ ስሄድ መካኒኩ የለም። «ሐሙስ» አሉኝ። ልጁ በጣም ትሁት ነበር፣ «ብራዘር» እያለ ነው የሚያወራኝ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝ። ሰውዬውን መጨቅጨቅ መሰለኝ። ሁሉን በስልክ ነበር የማወራው፣ አንድም ቀን ኢሜይል አልጻፍኩም። በመጨረሻ መኪናውን ሲቀበሉኝ 33ኛው ቀን ነበር። ሦስት ቀን ብቻ አልፎኛል። ቀድሞ መደወሌን የማሳይበት ነገር ደግሞ የለኝም። የውኃ ፓምፕ ቀየርን ብለው መለሱልኝ፣ በሳምንቱ እንደገና ጋለ። ከዚያ በኋላ የ5 ወር ጣጣ ሆነ። ክስ ካስገባሁ በኋላ ነው ደውለው የተስማሙት። ለነዳሁበት ብለው 700 ፓውንድ ቆርጠውብኛል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ። ያ 700 ፓውንድ የዚያ ዋጋ ነው።

አገር ቤት መኪና ስንገዛ መካኒክ ይዘን እንሄዳለን፣ ሊብሬ እናያለን፣ ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈርማለን። ከዚያ በኋላ የተበላሸው የገዢው ነው። ያ ልማድ አብሮን ስለመጣ እዚህም ስንጎዳ «አይቼ ነው የገዛሁት፣ ምን እላለሁ» እንላለን። ብዙ ወገን መብቱን የሚያጣው በዚህ ነው። ሕጉ እኮ ከጎንሽ ነው።

ማስረጃ ላይ ደግሞ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። በ6 ወር ውስጥ የታየ ጉድለት ስትገዢ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚለውን የሚያረጋግጠው ነጋዴው ነው። ይህ ግን ለጥገና፣ ለምትክና ከዚያ በኋላ ለሚመጣው መብት ነው። በ30 ቀኑ ውስጥ ሙሉ ገንዘብ ለመጠየቅ ግን ጉድለቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ ማሳየት ያለብሽ አንቺ ነሽ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ ከዲለሩ ጋር ግንኙነት የሌለው ባለሙያ አስመርምሪው። ኤኤ እና አርኤሲ (መንገድ ላይ ለተበላሸ መኪና የሚደርሱት ድርጅቶች) መኪና የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሏቸው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ብታገኚ ደግሞ የተሻለ ነው። ሪፖርቱ ቀን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሄደውን ማይል፣ ማሽኑ ያነበበውን የብልሽት ኮድ ይያዝ። ከሁሉም በላይ «ይህ በ19 ቀን የሚመጣ አይደለም፣ የቆየ ነው» የሚል የባለሙያ አስተያየት ይኑረው። የሐበሻ መካኒክ ወዳጅ በስልክ «ይሄ የቆየ ነው» ቢልሽ ልብሽን ያሳርፈዋል እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። በድርጅቱ ወረቀት ላይ፣ ፈርሞ።

ኤም ኦ ቲ አለው ቢሉሽ ደግሞ፣ ኤም ኦ ቲ እንደኛ አገር ቦሎ ምርመራ ነው። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ጭሱን ያያል። ሞተርና ካምቢዮ በውስጥ ምን ላይ እንዳሉ፣ ፍሪሲዮን ምን ያህል እንደቀረው አያይም። ስለዚህ ኤም ኦ ቲ ማለፉ ለካምቢዮው መልስ አይሆንም።

ሪፖርቱ እስኪደርስ ደብዳቤውን አታቆዪው። ዛሬ ማታ ኢሜይል ላኪ፣ ነገ ደግሞ በተመዘገበ ፖስታ ድገሚው። አጭር ይሁን። የገዛሽበትን ቀን፣ ታርጋውን፣ የከፈልሽውን ገንዘብ፣ ብልሽቱ መቼ እንደጀመረና እንዴት እንደሆነ ጻፊ። ከዚያ በ2015ቱ ሕግ መሠረት መኪናውን አልቀበልም፣ ሙሉ ገንዘቤን መልሱልኝ በይ። «አስተካክሉልኝ» አትበይ፣ «ምን ትመክሩኛላችሁ» አትበይ። ቃሉ ቁርጥ ያለ ይሁን። መኪናው የት እንደቆመና መጥተው ሊወስዱት እንደሚችሉ ጻፊ። ገንዘቡ ይመለሳል ብለው ከተስማሙ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። እንዴት ነው የከፈልሽው? ደረሰኙስ በማን ስም ነው?

ከሊድስ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንብቤ አለቀስኩ። ስለ ይሉኝታ ያልከው እኔው ነኝ። ሰውዬው ስገዛ ልጆቼን እያጫወተ ነበር፤ እንዴት ብዬ ክስ የሚመስል ነገር ልጻፍለት ብዬ ነበር ሁለት ቀን የቆየሁት።

ኢሜይሉን አሁን ልኬዋለሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ እረፍት ላይ ሆኜ።

መጀመሪያ 200 ፓውንድ ቀብድ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። የቀረውን 5,200 ከባንክ አስተላለፍኩ። ደረሰኙ በእኔ ስም ነው። ካርዱም የእኔ ነው። ባለቤቴ በወንድሙ ካርድ እንክፈል ብሎ ነበር፣ የኔ ላይ ቦታ ስላለ ተውኩት።

አሁን ደውለው «በነጻ እንጠግንልሻለን» ቢሉኝስ? እምቢ ብል ክፉ አያስመስለኝም?

ከለንደን፦

ያቺ 200 ፓውንድ ትልቅ ነገር ናት።

በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ ውስጥ ክፍል 75 የሚባል አለ። የገዛሽው ዕቃ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ፣ ከ30,000 ያልበለጠ ከሆነና ከዋጋው ትንሽም ቢሆን በክሬዲት ካርድ ከከፈልሽ፣ የካርዱ ድርጅት ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ተጠያቂነቱ ለ200ው ብቻ እንዳይመስልሽ። ለሙሉው 5,400 ነው። ዲለሩ ዝም ቢልሽ፣ ሱቁን ቢዘጋ እንኳ የካርዱን ድርጅት መጠየቅ ትችያለሽ። ለዲለሩ የጻፍሽውን ደብዳቤ ከሪፖርቱ ጋር ለእነሱም ላኪ። «ሴክሽን 75 ክሌም» ብለሽ ጀምሪ፤ ስልክ የሚያነሳው ሰው ወደሌላ ነገር ሊመራሽ ይችላል፣ አንቺ ግን ቃሉን ያዢ።

የወንድምየው ካርድ ቢሆን ኖሮ ይህ መብት ይበላሽብሽ ነበር። ገዢውና የካርዱ ባለቤት አንድ ሰው መሆን አለበት። እኛ ዘመድ ካርድ መዋዋስ ስለምንወድ ነው ይህን የማነሳው። «በኔ ካርድ ክፈል፣ ኋላ ትሰጠኛለህ» ይባላል። ደግነት ነው፣ ግን ክፍል 75 ይቋረጣል። በዴቢት ካርድ የከፈለ ደግሞ ክፍል 75 የለውም፤ ቻርጅባክ የሚባል (ባንኩ ክፍያውን ከሻጩ የሚያስመልስበት) አለ፣ እሱ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፣ ቀኑም አጭር ነው።

ጥገናውን በተመለከተ። ምርጫው ያንቺ ነው። እሺ ብትይ 30 ቀኑ ባለበት ይቆማል፤ መኪናው ሲመለስልሽ የቀረሽን ቀን ታገኛለሽ፣ ከ7 ቀን ካነሰ ደግሞ 7 ቀን ይሞላልሻል። ስለዚህ እሺ ማለት መብትሽን አያጠፋውም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ካምቢዮው መንገድ ላይ ልጆች ይዘሽ ለከዳሽ መኪና እሺ አልልም ነበር። እምቢ ማለትሽ ክፋት አይደለም። ያልሠራ ነገር ነው የሸጡልሽ፣ ገንዘብሽን ነው የጠየቅሽው። ልጆቹን ማጫወቱ ጥሩ ነው፣ ሕጉን ግን አይቀይረውም።

ከደወሉ ቃላቸውን ስሚ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ግን «ዛሬ በስልክ እንዲህ ብላችሁኛል፣ የእኔም መልስ ይህ ነው» ብለሽ ኢሜይል ላኪ።

ከለንደን፣ ሌላ አባል፦

ልጄ፣ አይዞሽ። የልጁን ምክር ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ከ2009 ጀምሮ ሚኒካብ ነው የምነዳው። ከኔ የሚማር ሰው ካለ ልጨምር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ የሚሆን ሃይብሪድ ገዛሁ። በ4ኛው ሳምንት ባትሪው ችግር አመጣ። እኔም እንዳንቺ 30 ቀን እያልኩ ሄድኩ። «አንተ ሸማች አይደለህም» አሉኝ። መጀመሪያ የሚያታልሉኝ መሰለኝ። ኋላ ሲቲዝንስ አድቫይስ (ነጻ ምክር የሚሰጠውን ድርጅት) ስጠይቅ እውነት ነው። ያ የ2015ቱ ሕግ የሚጠብቀው በዋናነት ከንግዱ ወይም ከሙያው ውጭ ለሆነ ጉዳይ የገዛን ሰው ነው። እኔ መኪናውን የገዛሁት ለሚኒካብ ነው። የራሴ ሥራ ነው፣ ስለዚህ እንደ ነጋዴ ተቆጠርኩ።

ምንም መብት የለም ማለት አይደለም። የ1979 የዕቃ ሽያጭ ሕግ አለ፣ እሱም ጥራቱ አጥጋቢ ይሁን ይላል። ግን 30 ቀን የሚል የተወሰነ ጊዜ የለውም፣ «በተገቢ ጊዜ» ነው የሚለው። የ6 ወሩ ነገርም የለም። ደግሞ በነጋዴና በነጋዴ መካከል ሻጩ ኃላፊነቱን በውል መቀነስ ይችላል፣ ምክንያታዊ ከሆነ። እኔ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት ላይ ይኸው ነበረበት። በስንት ልመና ግማሹን ከፈሉልኝ።

ስለዚህ ታክሲ የምትነዱ፣ ምግብ የምታደርሱ ልጆች፣ ስትገዙ ለሥራ መሆኑን አትደብቁ፣ ኋላ ይወጣል። ይልቅ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስመርምሩ። ወረቀቱን አንብቡ። ዋራንቲውንም ለታክሲ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ፣ አብዛኛው አይሠራም። አንቺ ልጄ፣ መኪናውን ወደ ሥራ መሄጃና ለልጆች ከሆነ የያዝሽው ሸማች ነሽ፣ አትስጊ።

ከማንቸስተር፦

እኔም ልጠይቅ፣ ይቅርታ በመሀል ስለገባሁ። የኔ በፋይናንስ ነው፣ በወር 189 ፓውንድ እከፍላለሁ። ከገዛሁ አራት ወር ሆኖኛል። አንዴ ጠገኑልኝ፣ ያው ብልሽት ተመለሰ። ዲለሩ ስልክ አያነሳም። ጓደኛዬ «ክፍያውን አቁሚ፣ ያኔ ይሯሯጣሉ» አለችኝ።

ከለንደን፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን ስንት ልጅ እንደሚጠቅመው። እኔም ሳልጠቅሰው ማለፌ ስህተት ነበር።

የማንቸስተሯ እህቴ፣ ክፍያውን በራስሽ አታቁሚ። የክሬዲት ታሪክሽ ይበላሻል፣ አቤቱታሽም ይደክማል። በሃየር ፐርቼዝ ወይም በፒሲፒ (በየወሩ እየከፈሉ መኪና የሚይዙባቸው የፋይናንስ ውሎች ናቸው) ከሆነ የገዛሽው፣ በሕግ መኪናው የፋይናንስ ድርጅቱ ነው፤ ላንቺ ያቀረበልሽም እሱ ነው። ስለዚህ ተጠያቂው እሱ ነው። ዲለሩን መከታተል ትተሽ ለፋይናንሱ ድርጅት በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቢ። አራት ወር ስለሆነሽ 6 ወር ውስጥ ነሽ፣ ጉድለቱ አልነበረም የሚለውን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ተጠግኖ ስላልዳነ ደግሞ የመመለስ መብትሽ መጥቷል። መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አላቸው። ካልመለሱ ወይም መልሳቸው ካላረካሽ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ (በፋይናንስ ድርጅቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያይ ገለልተኛ አካል) ትሄጃለሽ። ነጻ ነው፣ ጠበቃ አያስፈልግም። የመጨረሻ መልሳቸውን ከሰጡሽ ግን በ6 ወር ውስጥ ነው መሄድ ያለብሽ።

ከግለሰብ የገዛችሁ ሌላ ነው። ግለሰብ ሲሸጥ መኪናው እንደተናገረው መሆን አለበት፣ የሱ መሆን አለበት፣ ከዚያ ያለፈ ብዙ የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ግለሰብ መስሎ የሚሸጠው። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ እንገናኝ የሚል፣ በአንድ ስልክ አራት አምስት መኪና የሚያስተዋውቅ፣ ቪ5ሲው (የመኪናው የምዝገባ ወረቀት) ላይ ያለው ስም የሱ ያልሆነ ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ። ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ያዙት፣ ኋላ ነጋዴ መሆኑን ለማሳየት ይጠቅማል።

መኪናውን ሳያዩ ከነጋዴ በኢንተርኔት ገዝተው ቤት ድረስ ያስመጡ ደግሞ ጉድለት ባይኖረውም በ14 ቀን ውስጥ ሐሳብ መቀየር ይችላሉ። ሱቅ ሄዶ አይቶ የፈረመ ግን ይህ የለውም። «እዚህ አገር ማንኛውንም ዕቃ መመለስ ይቻላል» የሚባለው ወሬ እዚህ ጋ ያሳስታል።

የሊድሷ እህቴ፣ ከ10 ቀን በኋላም ዝም ካሉሽ ክስ ይቀራል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 10,000 ፓውንድ ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክስ) ነው። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ክፍያው እንደ ገንዘቡ መጠን ነው፤ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ቅናሽ ማመልከት ይችላል። ግን እዚያ የሚያደርስሽ አይመስለኝም።

ከሊድስ፣ ከ16 ቀን በኋላ፦

ወገኖቼ፣ ጠፋሁባችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መርማሪው መጣ፣ 165 ፓውንድ ከፈልኩት። የካምቢዮው ዘይት የጠቆረና የብረት ብናኝ ያለበት እንደሆነ፣ የመልበሱ ሁኔታ በእኔ እጅ ባለበት 640 ማይል ሊመጣ እንደማይችል ጻፈ። ለዲለሩም ለካርዱ ድርጅትም ላክሁት።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ። «በነጻ እንጠግነዋለን፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አናደርግም» አለኝ። ልቤ ሊሸነፍ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ያልከውን አስታወስኩ፣ አመሰግናለሁ፣ ገንዘቤን ነው የምፈልገው አልኩት። ስልኩን እንደዘጋሁ የተባባልነውን በኢሜይል ጻፍኩለት። ሁለተኛ ጊዜ ደውሎ 1,000 ፓውንድ እንመልስልሽና መኪናውን ያዢው አለ። አሁንም እምቢ አልኩ። የካርዱ ድርጅት ጉዳዩን ከፍቻለሁ ብሎ የላከልኝን ደብዳቤ ሳስተላልፍላቸው ግን በሁለት ቀን ውስጥ እሺ አሉ።

ትናንት መኪናውን ጭነው ወሰዱት። 200ው ወደ ካርዴ፣ 5,200ው ወደ ባንኬ ገብቷል። የመርማሪውን 165 ጠይቄአቸው ነበር፣ ለጊዜው መልስ አልሰጡኝም።

ባለቤቴ የደብዳቤውን ግልባጭ ለሥራ ባልደረባው ሰጥቶታል፤ እሱም ከዲለር የገዛው ቫን አለው፣ ችግር ላይ ነው። ለቤት ዕቃ ማመላለሻ እንጂ ለሥራ አይደለም ብሏል፣ ጋሼ የነገሩንን ነግሬዋለሁ። እግዜር ያክብርዎት ጋሼ።

ከለንደን፦

እልል! እንኳን ደስ አለሽ። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ።

165ቱን አትተዪው። የመርማሪ ወጪ በጉድለቱ ምክንያት የመጣ ኪሳራ ነው፣ በደብዳቤ ድገሚላቸው፤ ካልሰጡ ለካርዱ ድርጅት በዚያው ጉዳይ ላይ ጨምሪላቸው።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። መኪናውን ሲወስዱ ዲቪኤልኤን (መኪና የሚመዘግበውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት) አሳውቀሻል? ዲለር እንደወሰደው ካላሳወቅሽ መዝገቡ በስምሽ ይቆያል፣ ቅጣት ቢመጣ ወዳንቺ ነው። በኢንተርኔት በቪ5ሲው ላይ ባለው ቁጥር ይሠራል። እንዳሳወቅሽ የቀረው ሙሉ ወር የመንገድ ታክስ ይመለስልሻል። ኢንሹራንሱንም ከዚያ በኋላ ነው የምታቋርጪው።

ከሊድስ፦

አላሳወቅሁም! አሁኑኑ ልግባ።